የጆተኒ ሳጥን ላይ ያስነፋሁት ቀለም ተኮማተረብኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአዳማ ነኝ። ያለኝ ድሮ የሰፈር ልጆች በሳንቲም ይጫወቱበት የነበረ ጆተኒ ነው። ስምንቱን ብረት ከነተጫዋቾቹ አውጥቻለሁ፤ እነሱ ጤነኛ ናቸው። ያስቸገረኝ ሳጥኑ ነው። ኮምፔንሳቶ ነው፤ በላዩ የዘይት ቀለም በየጊዜው ተደራርቦበታል። ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር በእጅ የተጻፈ የቡድን ስም ሳይቀር ብቅ ይላል (እሱን ማጥፋቱ አሳዝኖኛል)።

በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኜ፣ በ220 አለሰለስኩት። ከዚያ ጋራዥ ወስጄ የመኪና ናይትሮ ቀለም (በቲነር የሚቀጥነውን) በኮምፕሬሰር አስነፋሁ። እንጨቱ ድረስ የተላጡት ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ጥርት ብለው ወጡ። አሮጌው ቀለም የቀረባቸው ረጃጅሞቹ ግን ገና ሳይደርቁ እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማተሩ። ቲነሩ ከሥር ያለውን የዘይት ቀለም እንዳነሳው ገብቶኛል። ቀለም ነፊው «ሲደርቅ ደግመን እንነፋዋለን፣ ይጠፋል» ይላል፤ እኔ አላመንኩትም። በማሽን እንዳልፍቀው ደግሞ የኮምፔንሳቶው የላይኛው ልጥ ስስ ነው፣ ይበላብኛል።

የተኮማተረውን ብቻ አለስልሼ፣ በዘይት ቀለሙና በናይትሮው መሃል ገብቶ ሁለቱን የሚለያይ ቅብ አለ ወይስ ረጃጅሞቹንም ጎኖች እስከ እንጨቱ መላጥ ግዴታ ነው?