የላንድ ክሩዘር 75 በር ወርዷል፣ ቁልፉም አልዞር ብሏል፤ የቱ ይቅደም?

ጥያቄ
የማራኪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጎንደር ነው። መኪናዋ ላንድ ክሩዘር ኤችዜድጄ 75 ሃርድ ቶፕ ናት፤ ሞተሯ 1ኤችዜድ ናፍጣ። ሞተሯና ካምቢዮዋ ደህና ናቸው፤ መከራው ያለው በሮቿ ላይ ነው።

የሾፌሩ በር በእጅ ወደ ላይ ካልተደገፈ አይዘጋም። ተዘጋ ብለን ስንነዳ ደግሞ ኮረኮንች ላይ ራሱ ይከፈታል። የውጭ እጀታው ግማሽ ያህል ከተሳበ በኋላ ነው የሚይዘው። ቁልፉ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ አይዞርም፤ በእጄ ያለውም የቅጂ ቅጂ ነው። የበሩ የታች ጠርዝ ቀለሙ አብጧል፤ በካቻቢቴ ሲነካ ይበሳል። የኋላው ባለ ሁለት ተካፋች በር ደግሞ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ አቧራ እየሳበ ያስገባል።

አንዱ ባለሙያ «ሴራቱራውን (የበሩን መቆለፊያ) ከነቁልፉ ቀይረው» አለ። ሌላው «ማጠፊያው መሃል እንጨት ከተን በሩን ገፋ ብናደርገው ይነሳል» አለ። ሰኔ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ላሜራ ሠሪው፦

ወንድሜ፣ ሴራቱራ ለመግዛት አትቸኩል። በሩ ከወረደ አዲስ ሴራቱራም ስትራይከሩን (ምሰሶው ላይ ያለውን የሴራቱራ መያዣ) በትክክል አያገኘውም። ሴራቱራ ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ግማሽ ይይዛል፣ ከዚያ ሙሉ ይቆልፋል። የወረደ በር አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ላይ ይቆማል፤ ኮረኮንች ላይ ራሱ የሚከፈተውም ለዚህ ነው። እስኪሠራ ድረስ በዚያ በር በኩል ልጅ አታስቀምጡ፤ ሾፌሩም ቀበቶ ሳያስር አይንቀሳቀስ።

መጀመሪያ ምርመራው። በሩን ግማሽ ክፈተው፣ ጫፉን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው፣ ሌላ ሰው ማጠፊያዎቹ ላይ ዓይኑን ይትከል። የማጠፊያው ፒን ቀዳዳው ውስጥ ከተጫወተ ፒንና ቡሹ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። የማጠፊያው ሰሌዳ በሩ ከሚንጠለጠልበት ምሰሶ ላይ ከተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል። ሁለቱም ጸንተው የምሰሶው ላሜራ ራሱ ገባ ወጣ ካለ ላሜራው ተሰንጥቋል፤ እሱ ብየዳ ይፈልጋል፣ ማጠፊያ መቀየር አይፈታውም። የላይኛውንና የታችኛውን ለየብቻ ተመልከት። የበሩ ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ስለሚስብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

እንጨት ከትቶ መግፋቱን ተወው። በሩ ለጊዜው ይነሳል፤ ነገር ግን የሚጎብጠው ማጠፊያው ብቻ አይደለም፣ ቡሎኑ የሚገባበት የምሰሶው ላሜራም አብሮ ይዘረጠጣል። ያለቀው ፒን ደግሞ እዚያው እንዳለ ነው፤ በሩ ተመልሶ ይወርዳል።

ቶርኖ ቤት፦

ፒኑ ከተጫወተ ሥራው የቶርኖ ነው። በሩን ከማውረድህ በፊት በእያንዳንዱ ማጠፊያ ዙሪያ በምስማር ጫፍ መስመር ጫር፤ መመለሻህ እሱ ነው። ከበሩ ሥር ክሪክ አስገባ፤ በክሪኩና በበሩ መሃል ጣውላና ጨርቅ ይኑር። ሁለት ሰው ሁኑ፤ መስታወት ያለበት በር ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ቡሎኖቹ ዝገው እንቢ ካሉ ማታ ዘይት አጠጥተህ ጠዋት ፍታ፤ በጉልበት ከተበጠሱ ዳዶው ያለው በምሰሶው ውስጥ ስለሆነ ሥራው በሦስት እጥፍ ይረዝማል።

የፒኑን የተቀጠቀጠ ጫፍ በሞረድ ወይም በግራይንደር አንሳና በወፍራም ደንዳና ምስማር እየመታህ አውጣው። ከዚያ በካሊፐር ለካ፤ ፒኑንም ቀዳዳውንም፣ ቀዳዳውን በሁለት አቅጣጫ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ እንደ እንቁላል ይሆናል። ሁለቱን የማጠፊያ ክንፎች ገጣጥመህ በአንድ ላይ አስፋ፤ ለየብቻ ከተበሱ መሃላቸው አይገጥምም፣ በሩም ሲከፈት ይጣመማል። ቡሹ ብሮንዝ ይሁን፣ ግድግዳው ከ1.5 ሚሊ ያላነሰ፣ አናቱ ላይ 1 ሚሊ ከንፈር ይኑረው፤ የበሩን ክብደት የሚሸከመው ያ ከንፈር ነው። በፒኑና በቡሹ መሃል ያለው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ይበቃል። ከዚያ ከጠበበ አቧራ ሲገባ ይነክሳል፣ ከሰፋ ቶሎ ይላላል።

ፒኑን ከፌሮ እንዳታስቀርጽ። ፌሮ ለስላሳ ነው፣ ክቡም ትክክል አይደለም። 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለበትን ረጅም ቡሎን ጥርስ የሌለው አንገቱን አስቀርጸው። በፒኑ ላይ በቁመቱ ቀጭን የግራሶ መሄጃ ይውጣለት። ፒኑን በብየዳ ማሰር ካስፈለገ ከአንዱ ክንፍ ጋር ብቻ ነው።

የማራኪው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምርመራውን አደረግነው። የላይኛው ፒን በግልጽ ይጫወታል፣ የታችኛው ትንሽ ነው፤ ምሰሶው ጸንቷል። ስለዚህ ቡሽ ካስገባን በኋላ ቀጥታ ወደ ስትራይከሩ እንሂድ?

የአራዳዋ፦

አይ፣ በመሃል ዝገቱ አለ። ብየዳ ላሜራን ይጎትታል። በሩን አስተካክለህ ከጨረስክ በኋላ ታችኛውን ጠርዝ ካስበየድክ ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ ቡሽ፣ ከዚያ የዝገቱ ብየዳ በሩ ወርዶ ሳለ፣ ከዚያ ማንጠልጠልና ማስተካከል፣ ከዚያ ስትራይከር። ሴራቱራውና ቁልፉ በሩ ወርዶ ሳለ ተፈትተው ይጸዳሉ፤ የእጀታው ልክ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ዝገቱ ከውስጥ የመጣ ነው። በመስታወቱ ጎን ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ያለ ነገር ነው፤ በታች ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ነው የተሠራው። በበጋ የገባው አቧራ እነዚያን ይደፍናል፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ሆኖ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል፣ የታጠፈው ጠርዝ ከሥር ይበላል። ቀዳዳዎቹን ሳትከፍት ብትለጥፈው ልጥፉም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

መጀመሪያ የውስጥ ሽፋኑን አውጣ። የመስታወት ማዞሪያው ከጀርባው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለ ሞላ ተይዟል፤ ቀጭን ጨርቅ ከኋላው አስገብተህ ግራና ቀኝ ፈትግ፣ ሞላው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ እጅህን ጋርድበት። ከሽፋኑ ሥር ያለውን ላስቲክ አትቅደደው፤ ውሃው ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። መስታወቱንም አውጣ፣ የብየዳ ብልጭታ መስታወት ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

የበላውን ክፍል ንጹሕ ላሜራ እስክታገኝ ድረስ ቁረጥ፤ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ላሜራ ተካ። በተራ ኤሌክትሮድ ይህን ቀጭን ላሜራ መበየድ ቀዳዳ ያበዛል፤ ጋዝ ያለው የሽቦ ብየዳ ይሻላል። ነጥብ ነጥብ እያደረግህ፣ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ በመሃሉ እያቀዘቀዝክ። መኪናዋ ላይ የሚበየድ ነገር ካለ የባትሪውን ገመዶች ፍታ። ስቱኮው ከ2 ሚሊ አይብለጥ፤ በወፍራሙ ከተሞላ በሩ በተዘጋ ቁጥር ይሰነጠቃል።

ለውስጡ እኔ የማምንበት ሰም ነው። 1 እጅ ንጹሕ ሰም፣ 3 እጅ አዲስ የሞተር ዘይት በጣሳ አድርገህ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጥ፤ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ይበቃዋል። ጣሳውን እሳት ላይ በቀጥታ እንዳታስቀምጠው። ሞቅ እንዳለ በረጅም ብሩሽ ጠርዙ ውስጥ አጠጣው። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት መልሰህ ክፈት። የተቃጠለ ዘይት አይሁን፤ ጎማውን ያበላሻል።

አዘዞ 4 በ 4፦

ለቁልፉስ ምን ያስቸግራል? ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል አድርግበት፣ ወዲያው ይዞራል።

የአራዳዋ፦

ወንድሜ፣ ይዞራል፤ ግን ለጥቂት ቀን ነው። ቁልፉ በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ስስ የናስ ቅጠሎች በፀጉር መሰል ሞላ ነው የሚንቀሳቀሱት። ዘይት ከአቧራችን ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆንና ቅጠሎቹ ታች ተጣብቀው ይቀራሉ። የእሱ ቁልፍ አንዴ እሺ አንዴ እንቢ የሚለው እንደዚያ ባለ የቆየ ዘይት ሳይሆን አይቀርም። በቤንዚን አጥቦ፣ በነፋስ አድርቆ፣ የግራፋይት ዱቄት መንፋት ነው። ግራፋይት ከጠፋ የእርሳስ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ዱቄቱን መጠቀም ይቻላል።

ቁልፍ ቀራጭ፦

በዘይቱ ነገር ከእህቴ ጋር ነኝ። ግን ቁልፉ የቅጂ ቅጂ ከሆነ ማጠብ ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ቅጂ የፊተኛውን ስህተት ይወርሳል፤ ጥርሱ በትንሹ ሲጎድል ቅጠሉ ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል አይሆንም፣ ጫፉ ይነክሳል።

የተሳፋሪውን በር ሲሊንደር አውጣ። ከበሩ ውስጥ በዩ ቅርጽ በታጠፈ ላሜራ ተይዟል፤ በፒንሳ ወደ ጎን ስትስበው ይለቃል። የመኪናዋ ቁልፍ አሁንም ሁሉንም የሚከፍት ከሆነ የዚህ ሲሊንደር ልክ ከሾፌሩ ጋር አንድ ነው፤ ብዙም ስላልተዞረ ግን አላለቀም። አካሉ ላይ የቁልፍ ቁጥር ተመትቶ ካገኘህ በቁጥሩ አስቀርጽ። ከሌለ ቅጠሎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ አውጣ፤ ሞላዎቹ ይፈናጠራሉና ጠረጴዛው ጥግ አይሁን። ቅጠሎቹ ላይ ከ1 እስከ 4 የሚሆን ቁጥር ታገኛለህ፤ ከአፉ ወደ ውስጥ በቅደም ተከተል ጻፈው። ቁልፍ ቀራጩ በዚያ ልክ አዲስ ይቀርጽልሃል። የሾፌሩን ሲሊንደር ቅጠል በሞረድ ማስተካከል የሚቻለው አዲሱ ቁልፍ ገብቶ በፀጉር ያህል ከወጣ ብቻ ነው። ብዙ ከሞረድከው በማንኛውም ቁልፍ የሚከፈት በር ይኖርሃል፤ ቆልፈሃል ብለህ ፒያሳ ላይ አቁመህ ትሄዳለህ።

ላሜራ ሠሪው፦

የአራዳዋ የዝገቱን ቅደም ተከተል በትክክል አስቀምጣዋለች፣ እኔ ዘለልኩት።

ሴራቱራው፦ በበሩ ጠርዝ ያሉትን ቪቴዎች የምትፈታው በመዶሻ በሚመታ ካቻቢቴ ነው። በተራ ካቻቢቴ ከሞከርከው የቪቴው መስቀል ይላጫል፣ ከዚያ ትራፓኖ ነው። ሴራቱራውን በናፍጣ ዘፍዝፈህ በብሩሽ እጠብ፣ አድርቅ፣ ነጭ ግራሶ በስሱ ቀባ። ወደ በሩ ሳትመልሰው ፈትነው፤ በካቻቢቴ ምላሱን ስታዞር ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ማለት አለበት፣ ማላቀቂያውን ስትነካ በአንዴ መመለስ አለበት። ሁለተኛው «ቀጭ» ከሌለ ሞላው ደክሟል ወይም ጥርሱ አልቋል፤ ያን ጊዜ ነው አዲስ የምትገዛው።

የላላው እጀታ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከእጀታው ወደ ሴራቱራው የሚሄዱትን ዘንጎች የሚይዙት የፕላስቲክ ክሊፖች ናቸው። ያልቃሉ፣ ይሰበራሉ። በሽቦ አትሰራቸው፤ ሽቦው ዘንጉን ይበላዋል፣ አንድ ቀን በሩ ከውጭም ከውስጥም አይከፈትም። ክሊፑ ከተቀየረ በኋላ የዘንጉን ጫፍ አዙረህ እጀታው 1 ሚሊ ያህል ላላ እንዲል አድርግ። ጭራሽ ከተወጠረ ሴራቱራውን ግማሽ ይዞ ያስቀረዋል።

ስትራይከሩን መጨረሻ አስተካክል። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት እኩል ሲሆን፣ ስትራይከሩ ላይ ግራሶ ቀብተህ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋና ምላሱ የት እንደነካ እይ። ሲገባ በሩ ወደ ላይ ከዘለለ ስትራይከሩ ከፍ ብሏል፣ ከወረደ ዝቅ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ በላይ አታንቀሳቅስ።

የኋላው በር፦ መኪና ሲሄድ ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል፣ አቧራው በማንኛውም ክፍተት ይሳባል። የጋዜጣ ቁራጭ በጎማው ላይ አድርገህ በሩን ዝጋና ሳበው፤ ወረቀቱ በቀላሉ የወጣበት ቦታ ጎማው አልያዘም። ቀድመህ የሁለቱን ተካፋቾች ማጠፊያና መቆለፊያ አስተካክል። አዲስ ጎማ ስትቆርጥ 1 ሳንቲ ሜትር አስረዝመህ ጠቅጥቀህ አግባው፣ መጋጠሚያው ከታች ይሁን። ጠጠር መንገድ ላይ መስኮቶቹን ዘግተህ ቬንቲሌተሩን ከውጭ አየር ላይ ክፈተው፤ የውስጡ አየር አቧራውን መልሶ ይገፋል።

የማራኪው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እህቴንም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፤ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ምን ያምጣልን?

ላሜራ ሠሪው፦

የዘንግ ክሊፖች 10 ያህል፣ የውስጥ ሽፋን ክሊፖች 20፣ የመስታወቱ የውጭ ጠርዝ ጎማ ለሁለቱም በር፣ የኋላው በር ጎማ። ሴራቱራ ፈትነኸው ካልወደቀ አያምጣ። የዘንግ ክሊፕ የግራና የቀኝ አለው፣ የቀዳዳውም ስፋት ይለያያል፤ አሮጌዎቹን በፌስታል አድርገህ ስጠው፣ ከየትኛው ዘንግ እንደወጡም ጻፍባቸው።