እናቴ ሁለት ዳይክሎፌናክ ከተወጋች በኋላ ሽንቷ ቀንሷል

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ያለ ገጠር ነው። ከትናንት ወዲያ ወገቧን ይዟት፣ ትኩሳትም ጨምሮባት ክሊኒክ ወሰድኳት። የወባ ምርመራው ነጻ ነች አለ። 75 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ፣ በቀን አንድ መርፌ፣ ለአምስት ቀን ታዘዘላት።

ሁለቱን ተወጋች። ሕመሙ ወዲያው ቀለል አላት፣ ትኩሳቱ ግን ማታ ማታ ይመለሳል። ዛሬ እግሯ አብጧል፣ ከጠዋት ጀምሮ የሸናችው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት። ግፊቷን ሳስለካት 170 በ100 ሆነ።

ለግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ከዚህ በፊት ጨጓራዋ ቆስሎም ታክማለች። ክሊኒኩ ይህን አልጠየቀንም፣ እኔም አልተናገርኩም። የመድኃኒቱን ወረቀት ሳነብ ነው የደነገጥኩት። መርፌው ከሁለት ቀን በላይ አይሰጥም፣ ጨጓራው ለቆሰለ ሰው አይሆንም፣ ከነዚህ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

እሷ ግን «መርፌዬን አስጨርሱኝ» እያለች ነው። እኛ ዘንድ ክኒን እንደ ሕክምና አይቆጠርም። የዛሬውን አስቀርቼ ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ ውኃም እያጠጣኋት ነው። ሽንቷ ግን አልጨመረም።

አሁን መሽቷል፣ መኪና የሚገኘው ጠዋት ነው። እስከዚያ መጠበቅ እችላለሁ ወይስ በኮንትራትም ቢሆን ሌሊቱን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላድርሳት?