የትውልድ ስሟን በምን ላግኝ?

ጥያቄ፦ የምፈልጋት ሴት በ1832 (እ.ኤ.አ.) ገደማ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ተወልዳለች። በ1860 የሕዝብ ቆጠራ የምትታየው በባሏ ቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ የትውልድ ስሟን (ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም) አላውቅም። ወላጆቿን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ከልጆቿ ጀምር። የልጅ የሞት ምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ የእናትን የትውልድ ስም ይይዛል። ኦሃዮ በግዛት ደረጃ መስጠት የጀመረችው በ1908 መጨረሻ ስለሆነ ረጅም ዕድሜ የኖረውን ልጅ ምረጥ። ለምስክር ወረቀቱ መረጃውን የሰጠው ምራት ወይም አማች ከሆነ ግን ስሙ ሊሳሳት ይችላል፤ በካውንቲው (በግዛቱ ውስጥ ባለው አውራጃ) የጋብቻ መዝገብ አመሳክር።

መልስ፦ እስከ 1840 በቆጠራ በስም የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነበር። የ1850ው ነጻ (በባርነት ያልተያዙ) ሰዎችን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ዝምድና ግን እስከ 1880 አይጻፍም። አባት የመሰለህ አጎት እንዳይሆን ኑዛዜውን ፈልግ፤ ያገቡ ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ከነባሎቻቸው ስም ይጠቀሳሉ።

መልስ፦ ባሏ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ (የፌዴራሉ) ጦር ወታደር ነበር? የመበለት ጡረታ ፋይሏን ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቅ። ጋብቻዋን ማስረዳት ስለነበረባት የምስክሮች ቃል ይኖርበታል።