ማረሻው ዘይቱ ሲሞቅ ይወርዳል፤ ፓምፑ ነው ወይስ ጎሚኒው?

ሰላም፣ የትራክተር ሃይድሮሊክ (ማረሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሳውን ክፍል) የምታውቁ ብትረዱኝ።

ባለ 75 ፈረስ ጉልበት ትራክተር፣ ባለ 3 ዲስክ ማረሻ። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ በደንብ ያነሳል። ግማሽ ሰዓት ካረሰ በኋላ ግን እየተንቀራፈፈ ነው የሚያነሳው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ማረሻው በ2 ደቂቃ ውስጥ መሬት ይነካል። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ ማጣሪያው ታጥቧል፣ በውጭ የሚንጠባጠብ የለም። ሞተር ጠፍቶ መውረዱ የሲሊንደሩን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ላስቲክ) ያስጠረጥራል፤ ማንሳቱ መዘግየቱ ግን ፓምፑም ያለቀ ያስመስላል። የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን በሁለቱም በኩል ሊያመልጥ ይችላል።



የሃይድሮሊኩን የላይኛው ክዳን ሳላስፈታ ሁለቱን መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? የግፊት መለኪያ ከተገኘ የት ይታሰራል?