ካርታው ካለቀ በኋላ ለምን ትጠሩናላችሁ? (ክርክር)

የአራት ኪሎዋ
ሰላም ቤቶች። ቅዳሜ ወረዳ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር። "የአካባቢ ልማት ፕላን ውይይት" ተብለን ነው የተጠራነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ካርታው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ተለቀቀ። መጋረጃ የለም። የጠዋት ፀሐይ ገብታበት ከቀይና ከቢጫ ጭረት በቀር ምንም አይታይም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "የኔ ልጅ፣ የእኔ ቤት የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። ማየት ያልቻልኩትን ምን ልበላቸው?

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። ሃያ ሰው ገደማ ተናግሯል። ሁሉም ማለት ይቻላል የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የምንነሳው? የት ነው የምንሄደው? ሕንፃው ስንት ፎቅ ይሁን፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ ጉልቱ የት ይሁን ያለ ሰው የለም። ያ ሁሉ ተወስኖ አልቋላ! ስንወጣ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። ፊርማዋ ነገ "ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል" ተብላ ሪፖርት ትገባለች።

እና ጥያቄዬ ይኸው። መሐል ከተማ ላይ የሰፈር ፕላን ሲወጣ ነዋሪው ከመጀመሪያው ድምፅ ይኑረው ወይስ ለባለሙያ ይተው? የእኔን ልናገር፦ ካርታው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው። ውይይት አትበሉኝ።

ሳይት የሚውለው
እኔ አልስማማም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። አሥራ አራት ቤተሰብ፣ አንድ ሽንት ቤት። ክረምት ሲገባ ከላይ ሰፈር የሚወርደው ውሃ በጓዳችን ነበር የሚያልፈው። እናቴ ሌሊት በባልዲ ስትቀዳ ነው የማስታውሳት። "ማኅበራዊ ሕይወታችን፣ ትዝታችን" እያለ የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ነው።

ድምፅ ይሰጥ ትያለሽ። እኛ ግቢ ሁለተኛ ሽንት ቤት ይቆፈር ተብሎ ሁለት ዓመት ተከራክረናል። ሁሉም ይቆፈር ይላል። ከእኔ አጥር ሥር ግን አይሆንም ይላል። በመጨረሻ ሳይቆፈር ሰፈሩ ፈረሰ። መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 2017 ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ እንዳጣ ሁላችንም ሰምተናል። መንገድ ይስፋ ሲባል ግን ሱቄን አትንኩ የማይል የለም። አንዳንድ ነገር በእጅ ብልጫ አይወሰንም።

የፒያሳው ጋሼ
ልጄ፣ ስለ ሽንት ቤቱ እውነትህን ነው። ግን ለምን አንድ ብቻ ሆነ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?

አዋጅ 47/67 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። እኔም በዚያው ገባሁ። ኪራዩ እዚያው ቆመ፣ ቤቱ አረጀ። በዚያ ኪራይ ቀበሌው በምኑ ያድስ? እኔ ላድስ ብል ቤቱ የእኔ አይደለም። ጭቃ ስንለጥፍ እንኳ በሌሊት ነበር፣ ያለ ፈቃድ ተብሎ እንዳይፈርስብን። እኛ ሰፈሩን አቆሸሽን ይባላል። ሃምሳ ዓመት ባለቤት የሌለው ቤት ምን ይሁን ኖሯል?

ሌላው፣ ለባለሙያ ይተው ለሚለው። ይህቺ ከተማ ባለሙያ አጥታ አታውቅም። ለ ኮርቢዚዬ የሚባለው ፈረንሳዊ በጣሊያን ጊዜ አዲስ አበባን ሳይረግጣት ፕላን ነድፎላታል። ከዚያ በፈረንጅ 1956 እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ መጣ። በፈረንጅ 1960ዎቹ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ በደርግ ጊዜ ሀንጋሪው ፖሎኒ፣ ከዚያ ደግሞ ጣሊያኖች። ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። አንዳቸውም ግን ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበትን መንገድ አልጠየቁም። ካዛንቺስ ራሱ ስሙ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። ካዛ ኢንቺስ። እኛ ነን ካዛንቺስ ያደረግነው።

ሒሳብ ሠራተኛው
ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ግን ወደ ቁጥር ልመልሳችሁ። የመሐል ከተማ መሬት ውድ ነው። ከተማው በሊዝ ሸጦ በገንዘቡ ዳር ላይ ብዙ ቤት ይሠራል። እዚያው መሐል ላይ ለአነስተኛ ገቢ ሰው ቤት እንሥራ ማለት ዋጋው ከቤቱ በሚበልጥ መሬት ላይ አንድ ቤት ማስቀመጥ ነው። ስሜት ሌላ፣ በጀት ሌላ።

የገላን ጉራዋ
ቁጥር ከሆነ እኔም አለኝ።

ከካዛንቺስ ነው የተነሳነው። ያገኘሁት ቤት ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም። ሽንት ቤቱ የራሴ ነው፣ ቁልፍ አለው። መጀመሪያ ሰሞን እየከፈትኩ አየው ነበር።

ግን እኔ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። ካዛንቺስ ሦስት ምግብ ቤት አቀርብ ነበር። በእግሬ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጄ አንዱን መሶብ፣ እኔ ሌላውን ይዘን አምስት ደቂቃ ነው። አሁን ታክሲ ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ። እንጀራ ደግሞ በሰው መሀል ተጨናንቆ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሁለቱ ደንበኞቼ ትተውኛል። ሦስተኛው ራሱ ምግብ ቤቱ ፈርሷል። ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ፣ ይህ በየትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋል?

ሌላው እድራችን ነው። ድንኳን አለን፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ወንበር፣ ብርጭቆ። አባላቱ አራት ቦታ ተበተንን። ዕቃውን ማን ይያዝ? መጀመሪያ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨቃጨቅን። ተካፈሉት ያለም ነበር። ድንኳን እንዴት ይካፈሉታል? ባለፈው አንድ አባላችን ሲያርፉ ድንኳኑን በአይሱዙ አስጭነን ወሰድን። የመኪናው ኪራይ ከቀብር ማስፈጸሚያው ብዙውን በላው። ጠይቀውን ቢሆን ቢያንስ የአንድ እድር ሰው አንድ ብሎክ ላይ ይሁን እንል ነበር። ብር አያስወጣም። ጥያቄ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሳይት የሚውለው
እትዬ፣ የእድሩን ነገር አስቤው አላውቅም። እውነት ለመናገር አንድ ብሎክ ላይ ማድረጉ ለሚያከፋፍለው ሰው የኮምፒውተር ሥራ ብቻ ነው።

ፕላነሯ
ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልራዘም።

መጀመሪያ ሕጉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው ይሳተፍ ይላል። ስለዚህ "ይኑረው ወይስ አይኑረው" የሚለው በወረቀት አልቋል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። የአራት ኪሎዋ ትክክል ነሽ።

አሁን ማንም የማያነሳውን ላንሳ። የፎቅ ከፍታ። አዋጅ 1161/2011 ሲወጣ ለባለይዞታ የቅድሚያ ማልማት መብት ሰጠ። ቦታህ ለልማት ቢፈለግ አቅም ካለህ ራስህ፣ ወይም ከጎረቤትህ ጋር ተደራጅተህ ማልማት ትችላለህ። ግን በፕላኑ መሠረት። ፕላኑ እዚያ መንገድ ዳር "ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም" ካለስ? አንዲት ጡረተኛ 120 ካሬ ላይ ትልቅ ፎቅ በምን ትሠራለች? መብቱ አላት፣ ወረቀቱ አላት፣ ገንዘቡ የላትም። ስለዚህ ሰዎቹን ያስነሳው በኋላ የመጣው ዶዘር አይደለም። ከፍታውን ካርታው ላይ የጻፈው እጅ ነው። ያ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ ነዋሪ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ራሴ ጽፌያለሁ እንዲህ ያለ ቁጥር። ኮምፒውተር ላይ ቀለም መምረጥ ነው። ከጀርባው ሰው አለ ብሎ የሚያስታውስ ነገር ስክሪኑ ላይ የለም።

ለሒሳብ ሠራተኛው፦ መሐል ከተማ ቤት አይሠራም አትበል። ልደታ ላይ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፣ ሄደህ እየው። መንግሥት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለው። ከዚያች 40 ላይ የተወሰነው ወለል ለነባሩ ነዋሪ ይሁን ብሎ ፕላኑ ውስጥ መጻፍ ይቻላል። የማይጻፈው የሚጠይቅ ስለሌለ ነው።

ባለሙያ ብቻውን ሲያስብ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ያሳያል። በ1990ዎቹ ሲጀመር ለብሎኮች የጋራ ሕንፃ ተሠራላቸው። በግ ይታረድበት፣ እንጀራ ይጋገርበት፣ ልብስ ይታጠብበት ተብሎ። ሐሳቡ ቅን ነው። ከነዚያ የጋራ ሕንፃዎች ስንቱ በታሰበለት ሥራ ላይ እንዳለ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ንገሩን።

የጀሞው
የእኛው ፑል ቤት ሆኗል 😂

ሒሳብ ሠራተኛው
የልደታውን ተቀብያለሁ። ግን ጊዜስ? ሁሉም ይወያይ ካልን አንድ ሰፈር አምስት ዓመት ይፈጃል። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በየወሩ ነው የሚጨምረው።

ፕላነሯ
አለመወያየትም ጊዜ ይፈጃል። የአዲስ አበባና የዙሪያውን የተቀናጀ ማስተር ፕላን አስታውስ። በ2006 ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ጥር 2008 ላይ ጭራሽ ቀረ። ያንን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም። ጉዳዩ የሚነካው ገበሬ ግን ወሬውን የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ተከራይ ነኝ
ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ሰው ግን አልጠራችሁም።

ዘጠኝ ዓመት አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ደባል በሉኝ። ፕላኑ ሲመጣ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይመርጣል። ባለካርታው ካሳና ምትክ ቦታ አለው። እኔ? ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አከራዬ "ዕቃህን ሰብስብ" ይለኛል። በቃ። የኪራይ አዋጁ 1320/2016 ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን ይላል። ቤቱ ከሌለ ውሉን ለማን አሳያለሁ?

ቅዳሜው ስብሰባ ላይም ነበርኩ። በር ላይ "የቤት ቁጥር?" ተባልኩ። የአከራዬን ነገርኳቸው። "እሱ ተመዝግቧል፣ አንድ ቤት አንድ ሰው ነው" ብለው መለሱኝ። እናንተ "ነዋሪ" ስትሉ እኔ አለሁበት?

ሳይት የሚውለው
ይሄ ከባድ ነው። አልዋሽም፣ እናቴም ደባል አስቀምጣ ነበር፣ በሱ ነው የተማርኩት።

ግን ሌላውንም ጎን እይ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል ደባል ይበረክታል። በአንድ ሳምንት አምስት የአጎት ልጅ የሚመጣበት ቤት አውቃለሁ። ሁሉም ቤት ይሰጠው ከተባለ ሎተሪ ሲጠብቁ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ምን ይሁኑ? ሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቶ ሲሰረዝ እህቴ ስሟን አይታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተኛችበትም።

ፕላነሯ
የሁለታችሁም ልክ ነው። ለዚህ መፍትሔ አለ፦ የቆጠራ ቀን። ፕላኑ ገና ሳይወራ ማን የት እንደሚኖር ቤት ለቤት ይመዘገባል። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ የአጎት ልጅ አይቆጠርም። ዘጠኝ ዓመት የኖረ ይቆጠራል። ኮንዶሚኒየም ይሰጠው እያልኩ አይደለም። 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ስንቱ አጥቶ ወይ ትቶታል፣ ወይ ቤቱን አከራይቶ እሱ ሌላ ቦታ ተከራይቷል። ለእሱ የሚሆነው በአቅሙ የሚከራየው ክፍል ነው፣ እዚያው አካባቢ። መጀመሪያ ግን ወረቀት ላይ ይኑር።

የፒያሳው ጋሼ
እኛ ቀበሌ ቤት የገባን ጊዜ የቆጠረን አንድ ጎረምሳ ደብተር ይዞ ነበር። ስሜን በስህተት ጻፈው። ሃምሳ ዓመት በዚያ ስም ኪራይ ከፈልኩ። ብቻ ተቆጥሬያለሁ።

የአራት ኪሎዋ
እሺ። ያነበብኩት አቋሜን ትንሽ አንቀሳቅሶታል። ሁሉም ነገር በድምፅ ይወሰን አልልም። የሽንት ቤቷ ታሪክ አሸንፋኛለች። የፍሳሽ መስመር በየት ይሂድ የሚለውን መሐንዲስ ይወስን። ስንት ፎቅ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለእኛ፣ ማን ከማን ጋር ይሂድ፣ ማን ይቆጠር የሚለውን ግን ከመሣሉ በፊት መጥታችሁ ጠይቁን።

ዛሬ የእድራችንን ዳኛ አነጋገርኳቸው። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትመን እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፈው ብለዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ቤቱን በጣቱ እየፈለገ ይይ። ያልወደደው እዚያው ላይ ይጻፍ። ጽሑፉን ፎቶ አንስተን ወረዳ እናስገባለን፣ ማኅተም አስመትተን ግልባጩን እንይዛለን። ጊዜው አልፏል ይሉ ይሆናል። ይበሉን፣ በጽሑፍ። የቸገረን ፋይሉ ነው። "ለውስጥ ሥራ ነው" ብለው አልሰጡኝም።

ፕላነሯ
የጸደቀ ፕላን ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ ካልጸደቀ ደግሞ ውይይት ላይ ነው ማለት ነው። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሻለሁ። ማተሚያ ቤትም አውቃለሁ፣ ትልቁን ወረቀት በአንድ ቀን ያወጣል።

ሳይት የሚውለው
ካርታ ማንበብ ለሚቸግረው እኔ ቆሜ አሳያለሁ። እሁድ ሳይት የለኝም።

ተከራይ ነኝ
እኔስ መምጣት እችላለሁ? የቤት ቁጥር የለኝም።

የአራት ኪሎዋ
ና። እስኪርቢቶ ይዘህ ና፣ እድር ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ነው።