እንቁላል ለማመላለስ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ? (አዳማ)

እንቁላል በጠዋት፦

ሰላም ለሁላችሁም። የመኪና ሰው አይደለሁም፤ እየሳቃችሁም ቢሆን መልሱልኝ።

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሾፍቱ ሄጄ እንቁላል አመጣለሁ፣ በቀረው ቀን እዚሁ ከተማ ውስጥ ለካፌና ለምግብ ቤት አከፋፍላለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ እናቴን ለማየት አሰላ እወጣለሁ። መኪናዬ ከአባቴ የቀረችልኝ ኮሮላ ናት። የኋላ ወንበሯን አንስቼ ባለ 30 ትሪ ስደራርብባት ስልሳ ትሪ ትይዝልኛለች። አሁን ግን ደክማለች፤ ዘይት ትበላለች፣ ከዴራ እስከ ኢተያ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው።

ያንገሸገሸኝ ግን ሰልፉ ነው። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከቢሾፍቱ ስመለስ የነዳጅ መብራቷ በራ። አንድ ማደያ ገብቼ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ከኋላ ስልሳ ትሪ እንቁላል፣ ከላይ የናዝሬት ፀሐይ። ነጠላዬን በሃይላንድ ውሃ አርጥቤ ትሪዎቹን አለበስኳቸው። ተራዬ ደርሶ ካፒውን ስከፍት ቀጂው ልጅ «ቤንዚን አልቋል እናት፣ ናፍጣ ነው ያለው» አለኝ። በማግስቱ አንዱ ደንበኛዬ አራት እንቁላል ሳህን ላይ ሰብሮ አሳየኝ። አስኳሉ እንደ ውሃ ፈሷል። የዚያን ቀን ሃያ ትሪ መለሱብኝ።

አሁን ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። ደላላው ያመጣልኝ ያገለገለች የቤንዚን ቪትዝ አለች። አጎቴ በቅናሽ ልስጥሽ የሚለኝ አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ አለ። አንዲት የማውቃት ሴት ደግሞ ውጭ ልትሄድ ስለሆነ ሁለት ዓመት የነዳቻትን ቢዋይዲ ኢ2 የምትባል ኤሌክትሪክ መኪና ትሸጣለች። የሦስቱም ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትወስዳላችሁ?

ፍራንኮ ሰፈር፦

እህቴ፣ ቪትዟን ግዢና ተገላገዪ። መካኒክ ነኝ፣ በእጄ ያላለፈ ቪትዝ የለም ብል አላጋነንኩም። ካንዴላም ይሁን የፍሬን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕም ይሁን ራዲያተር፣ ከሱቅ ሱቅ አማርጠሽ ትገዢያለሽ፤ ጠዋት አስገብተሻት ከሰዓት ትወስጃታለሽ። ኤሌክትሪኳ ስትቆም ግን ምን እንደማደርግ ልንገርሽ? ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ ብርቱካናማዎቹን ኬብሎች አያለሁ፣ ኮፈኑን እዘጋለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ቮልት የቤት መብራት እንዳይመስልሽ፤ ልጆች አሉኝ።

ደግሞ በ2016 ጥር ላይ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ቪትዝ ወርቅ ሆናለች። ነድተሻት ስትሸጫት ብርሽን ትመልሳለች።

የወንጂው፦

ልጄ፣ እኔ በናፍጣ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሃይሉክሴ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋ ሞተሯ አንድ ቀን አልወረደም። የናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ አያውቅም፤ አየሩን ራሱ ጨምቆ በሙቀቱ ነው ነዳጁን የሚያቃጥለው። ጉልበቱ ከታች ነው፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ካለው ደግሞ አሰላ ከፍታ ላይ እንኳ አይደነግጥም።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ የአጎትሽን ፒክአፕ እንዳትገዢ። ስልሳ ትሪ እንቁላል ቢመዘን መቶ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ለናፍጣ ሞተር ይህ ጭነት አይባልም፣ ተሳፋሪ ነው። ከካፌ ካፌ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ስታጠፊ ስታስነሺ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፣ ጥላሸት ይይዛል። ያረጀ ከሆነ ደግሞ ናፍጣውን ገፍተው የሚረጩት ፖምፓና ንዝል ይጠብቁሻል፤ አንዴ ፖምፓ ካሠራሽ የስንት ወር የእንቁላል ትርፍ እንደሚሄድ ፍራንኮ ይንገርሽ። አጎትሽ በቅናሽ የሚሰጥሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። ዘመድ ነው፣ አይዋሽሽም፤ ግን ካልጠየቅሽው አይነግርሽም።

ሶደሬ መንገድ፦

እንቁላል በጠዋት፣ እኔ ሦስቱንም ነድቻለሁ። ስምንት ዓመት አይሱዙ ይዤ ሞያሌ ድረስ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ አራት ዓመት ቪትዝ፣ አሁን ደግሞ እንደዚያችው ያለች ኢ2 ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሦስቱም አብልተውኛል፣ ሦስቱም መንገድ ዳር አስቁመውኛል።

መጀመሪያ መንገድሽን ልቁጠርልሽ። ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሁለት መቶ። ከተማ ውስጥ በቀን 30 ብንል በአምስት ቀን 150። አሰላ ደርሶ መልስ 150 ነው፣ ለሁለት ሳምንት ሲካፈል 75። በሳምንት 425 ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ ማለት ነው። ያረጀች ኮሮላ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ብትጠጣ 38 ሊትር ገደማ፤ ቪትዝ 6 ብትጠጣ 25 ሊትር ተኩል። ኢ2 በእኔ አነዳድ በመቶው 14 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረሽ በሳምንት 65 ያዢ። ዋጋውን የራስሽን የመብራት ደረሰኝ አውጥተሽ አባዢው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ቤንዚን ሐምሌ 2014 ድጎማው መነሳት ሲጀምር በሊትር 48 ብር ገደማ የነበረው ጥር 2017 ላይ መቶ ብር አልፎ ነበር። የነዳጁ ጠብታ ሁሉ በዶላር ተገዝቶ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ መብራቱ ከግድብ ነው፣ ትንሹም ከዚሁ ከአዳማ ኮረብታ ላይ ከሚዞሩት የነፋስ ማማዎች።

አሰላን አትፍሪው። አዳማ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ አሰላ 2,400 አካባቢ። ሰውና ዕቃ የጫነች መኪና 1,600 ኪሎ ናት ብንል 700 ሜትር ለማውጣት የሚጨመረው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስትወርጂ እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ወደ ጀነሬተር ይለወጥና ግማሹን ያህል ይመልስልሻል፤ ፍሬንሽም አይሞቅም። ኮሮላሽ የምታቃስተው እርጅና ብቻ አይደለም፣ አሰላ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር (ቱርቦ ከሌለው) ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። አንድ ምክር ግን አለኝ፦ እናትሽ ቤት መቶ በመቶ ሞልተሽ አትውረጂ። ሞልቶ የተረፈ ባትሪ ቁልቁለቱን የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

ሻጮቹ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ። የባትሪዋ አቅም 43 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እኔ ከ300 በላይ ተማምኜባት አላውቅም። ፈጣን መንገዱ ላይ መቶ ሃያ ከነዳሻት ደግሞ ቁጥሩ ዓይንሽ እያየ ይወርዳል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። «ተከራይቼ» ብለሻል። ቆጣሪው የማን ነው? ግቢው ውስጥ ስንት ቤት አለ? የቤት ሶኬት 10 አምፔር ቢስብ 2.2 ኪሎዋት ነው፣ ከእንጀራ ምጣድ ያንሳል። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ብትሰኪያት ስትነሺ ለ130 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተሞልቶልሻል፣ ላንቺ ይበቃል። ልዩነቱ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። እኔ በመጀመሪያው ወር ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን ነበር የማወጣው። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ብነካው ኤክስቴንሽኑ ምጣድ ሆኗል። ጥቅሉን ሳልፈታው ስለተውኩት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ገመዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቋሊማ ሆኗል። በማግስቱ ከቆጣሪው ቀጥታ ስድስት ካሬ (ወፍራም) ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) አስገባሁ። ግራውንድ የሌለው ቤት ላይ አንዳንዱ ቻርጀር ጭራሽ አይነሳም።

አንድ ጠዋት ደግሞ መኪናዋ ሬሳ ሆና አገኘኋት፤ በር እንኳ አልከፍት አለች። ትልቁ ባትሪ ሰማንያ በመቶ አለው። ሲታይ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት የሞተችው፣ እንደ ማንኛውም መኪና! ፍራንኮ ወንድሜ፣ ይቺን ያለ ብርቱካናማ ኬብል መቀየር ትችላለህ። ስክሪኗ ቻይንኛ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ቀይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር በስልክ ፎቶ እያነሳሁ አስተረጉማለሁ። አንዴ ደንግጬ ቆሜ ሳስተረጉም «የቀኝ የኋላ በር በደንብ አልተዘጋም» ብሎ ነበር።

ስትገዢ ሦስት ነገር እዪ። ታችዋን በክሪክ አስነስተሽ የባትሪው ሽፋን መቧጠጡን ተመልከቺ፣ የአዳማ ኮብልስቶንና ጉብታ ሆዷን አይምርም። ኮምፒውተር ያለው ሰው የባትሪውን ጤንነት ያንብብልሽ። የመሰኪያዋን ዓይነትም ጠይቂ፤ ከቻይና የመጣች ጂቢቲ ናት፣ ከአውሮፓ የመጡት ሲሲኤስ ናቸው፣ አንዱ ላንዱ አይገባም።

ፍራንኮ ሰፈር፦

ሶደሬ፣ የ12 ቮልቷን እሺ። ትልቁ ባትሪ ሲያረጅስ? እንቁላሏን ሁሉ ሸጣ አትገዛውም።

ሶደሬ መንገድ፦

ልክ ነህ፣ ከተበላሸ ውድ ነው፤ ለዚህ ነው ጤንነቱን አስነብቢ ያልኳት። የኢ2 ባትሪ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው፣ ብዙ ዙር ተሞልቶ ማለቅ ይችላል። የሚጠላው ሞልቶ ፀሐይ ላይ ለቀናት መቆም ነው፤ የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ። ጥላ ይፈልጋል፣ እንደ እንቁላሉ።

እንቁላል በጠዋት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የወንጂው፣ አጎቴን ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ፖምፓው ትንሽ ያስቸግራል» አለኝ። የእርስዎ ነገር!

ስለ ቆጣሪው የተባለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቆጣሪው የአከራዬ ነው፣ አምስት ቤት ነን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዤ ገባሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ሦስት ቤት ምጣድ ጥዶ። ሶኬቴ ላይ መለኪያውን ሲከት 187 ቮልት አነበበ። ጎረቤቴ ጨርሳ ስታጠፋ 204 ሆነ፣ ሁሉም ካጠፉ በኋላ 216። ልጁ ሽቦውን ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ አሮጌ ነው፣ መኪና አይሸከምም። ግን ሌሊት ማንም አይጋግርም፤ ከቆጣሪው ለብቻ ከተሳበ ይሆናል» አለኝ። እንዳላችሁት ስድስት ካሬና ግራውንድ ጻፈልኝ።

ከዚያ ወደ አከራዬ ወደ እትዬ ገባሁ፤ ቡና አፍልተው ነበር። ለብቻዬ ትንሽ ቆጣሪ አስገብቼ የበላሁትን በየወሩ እንደምከፍል፣ ሽቦውንም በራሴ እንደማስገባ፣ ስለቅም ትቼላቸው እንደምሄድ አስረዳሁ። እስከ ሁለተኛው ሲኒ ምንም አላሉም። በኋላ፣ «ይቺ መኪና ቤንዚን አትጠጣም?» «አትጠጣም እትዬ።» «ሰልፍም የላትም?» «የላትም።» «እንግዲያው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ትወስጂኛለሽ፤ ስለት አለብኝ» አሉና ተስማሙ። እኔም በደስታ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሶደሬ መንገድ ወንድሜ፣ ቁልቢ በ43 ኪሎዋት ሰዓት ይደረሳል?

ሶደሬ መንገድ፦

በአንድ ሙሌት አይደረስም። እስከ አሰበ ተፈሪ ብትደርሺም ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ በሰው የተሞላ ነው። የሰው ግቢ እየለመንሽ፣ ሰዓት እየጠበቅሽ ካልሆነ አይሆንም። እትዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ባትሪ የሚጠብቁ ሰው ይመስሉሻል?

እንቁላል በጠዋት፦

አይመስሉኝም። ቃል ግን ገብቻለሁ።

የወንጂው፦

ልጄ፣ እኔም በዓመቱ ቁልቢ እወርዳለሁ። ሃይሉክሷ ኋላ ሁለት ቦታ አላት። ለእትዬሽ ንገሪያቸው፣ በናፍጣ ነው የምንሄደው፤ ለመንገድ ግን የተቀቀለ እንቁላል ካንቺ ነው።