ፋይብሪኖጅን 140 ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ደሴ
እህቴ ስትወልድ ደሙ አልቆም ብሎ ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ተሰጣት። አሁን ደህና ናት፣ ገንፎዋን እየበላች ነው። ወረቀቷ ላይ ግን «ፋይብሪኖጅን 140» ይላል። ምንድን ነው ነገሩ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
አብሽሪ እታለም! ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ስንደማ ትሮምቢን የሚባል ደም የሚያረጋ ኢንዛይም ፋይብሪን ወደሚባል ክር ይለውጠዋል። ክሩ እንደ መረብ ሆኖ የደም ሴሎቹን ይይዛል። የተለመደው መጠን በዴሲሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው። እርጉዝ ላይ እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ ለወላድ 140 በጣም ዝቅ ያለ ነው። ደም በብዛት ሲፈስ አብሮ ያልቃል። ፕላዝማውም የተሰጣት ይህንኑ እንዲተካ ነው።

ሌላ፣ ወልድያ
የአባቴስ 520 ነው፤ የሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
ኢንፌክሽን ሲኖር ጉበት አብዝቶ ያመርተዋል። አባባ ሲሻላቸው ይወርዳል። አልወርድ ካለ ለሐኪማቸው ንገሩ።